ሃርድ ዲስኩ እንሰት የፋቀ ዕለት

መንፈስ ታየኝ፣ የሞተ ሰው ጠራኝ፣ ምናምን የሚል ሰው አጠገቤ ከተቀመጠ ተነስቼ ቦታ የምቀይር ሰው ነኝ፣ ይህን አስቀድሜ ልንገርህ። ሰባ ዓመት አልፎኛል፣ በዚህ ሁሉ ዘመን ከጃጁራ ገበያ በጨለማ ብቻዬን በእግሬ ተመልሻለሁ፣ መቃብር አቋርጫለሁ፣ ከጅብ በቀር ያየሁት ነገር የለም፣ ጅቡም ቢሆን መንገድ ለቆልኝ ነው የሄደው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ያውም ግማሽ ክረምት፣ ስለዚህ ጽሑፌ ቢንጋደድ አትፍረድብኝ፣ ነገሩ ግን አልተንጋደደም፣ እንዳየሁት ነው የማስቀምጥልህ። ጎረቤቴ ኤርሲዶ «አንተ ሀንዲሶ፣ ሰይጣን ራሱ በርህን ቢያንኳኳ መታወቂያ ትጠይቀዋለህ» ይለኛል፣ አልተሳሳተም።

ቤቴ ከሆሳዕና ወጣ ብሎ በሀቢቾ መንገድ በኩል ነው። ፊት ለፊት የቆርቆሮ ቤት፣ ከኋላው ኩሽና የምናደርጋት የሳር ጎጆ፣ ከዚያ ወዲያ የእንሰት ጓሮ ነው። የእንሰት ጓሮ ውስጥ ቆመህ ታውቅ እንደሆነ እንጃ፣ ቅጠሉ እንደ ጣራ ይከደንብሃል፣ ሦስት እርምጃ የራቀህ ሰው አይታይህም። ታዲያ ባለቤቴ፣ የምህረት እናት፣ እዚያ ውስጥ ቁጭ ብላ እንሰት ስትፍቅ የምንተያየው በጆሮ ነበር። እሷ በቀርከሃ መፋቂያዋ ሳንቃው ላይ አምስት ጊዜ ረዘም አድርጋ ትስባለች፣ ሁለት ጊዜ አጠር ታደርጋለች፣ ከዚያ ታቆማለች። ስታቆም እኔ ከማዶ እንጨት እየፈለጥኩ ከሆነ በመጥረቢያዬ ጀርባ ግንዱን ሁለት ጊዜ እመታለሁ፣ ያኔ ትቀጥላለች። «አለህ ወይ» «አለሁ» ማለት ነው እንግዲህ፣ ግን እመነኝ፣ አርባ ዓመት ስንኖር አንድም ቀን በአፋችን አውርተነው አናውቅም፣ ማን እንደጀመረውም አላስታውስም። የሴት አፋፋቅ እንደ አረማመድ ነው፣ ከአጥር ማዶ ሆነህ ይህቺ እገሊት ናት ትላለህ፣ የሷን ደግሞ ኤርሲዶ እንኳ ያውቀዋል።

እሷ ከዱራሜ ወዲያ የመጣች ከምባታ ነበረች። እግዚአብሔር የሰጠን አንዲት ልጅ ናት፣ ምህረት፣ ኮሌጅ ኮምፒውተር ታስተምራለች፣ በቤተ ክርስቲያንም ኳየር ፊት ሆና የምታስዘምረው እሷ ነበረች። እናቷ ታማ ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ወደ ቤት ውሰዷት ሲሉን፣ ምህረት ያንን አሮጌ ኮምፒውተሯን አልጋው አጠገብ አመጣችና ማይክ ሰክታ እናቷን ታስወራት ጀመር፣ የልጅነት ተረቷን፣ ሙሽራ ሆና ስትመጣ የተባለላትን፣ እንሰት ስትፍቅ ለራሷ የምታንጎራጉረውን፣ ሁሉንም በከምባትኛ። ምህረት ከምባትኛ እሰማለሁ ትላለች እንጂ እንደ እናቷ አይደለችም፣ ከኔ ጋር ሀዲይኛ፣ ከሰው ጋር አማርኛ ስታወራ ነው ያደገችው። «ቀስ ብዬ አንድ በአንድ እማረዋለሁ» ነበር ያለችው። እናቷ ከሁለት ወር በኋላ አረፈች፣ ድምጿ እዚያ ሳጥን ውስጥ ቀረ፣ ሲፒዩ የሚሉት ሳጥን ውስጥ ማለት ነው።

አሁን የምነግርህን ለሦስት ዓመት ለማንም አልነገርኩም።

በዚያው ክረምት ምህረት ለሥልጠና አዲስ አበባ ልትሄድ ሆነ። «አባ፣ ጣራው ያፈሳል፣ ሲፒዩውን እርጥበት እንዳይነካብኝ አደራ» አለችኝ። እስኪ አንተ ፍረድ፣ እኛ አገር እርጥበት እንዳይነካው የሚፈለግ ነገር የት ነው የሚቀመጠው? ቆጥ ላይ ነዋ፣ ከምድጃው በላይ። የዘር በቆሎ ቆጥ ላይ ነው፣ ለእርፍ የተመረጠ እንጨት ቆጥ ላይ ነው፣ ጭሱን እየጠጣ ይከርማል፣ ነቀዝ አይበላው፣ ሻጋታ አይዘው። አባቴ የሰቀለው ቀንበር እስከ ዛሬ አልበሰበሰም። እኔም በጆንያ ጠቅልዬ ቆጥ ላይ አወጣሁት፣ ደስ እያለኝ፣ እንዲያውም በየቀኑ እሳቱን ጨመር እያደረግኩ። ሰባት ሳምንት ሙሉ ጭስ ጠጣ።

ልትመጣ ሁለት ቀን ሲቀራት አወረድኩት። በየቀዳዳው ጥላሸት ገብቷል፣ አንድ ጎኑ እንደ ሰም ለስልሶ ተጣሟል። ያኔ ገባኝ። በላምባ ጨርቅ ወለወልኩት፣ የተጣመመውን ጎን ወደ ግድግዳ አዙሬ ጠረጴዛው ላይ መለስኩት። ምህረት መጥታ ስታበራው ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አለና ዝም አለ። ሆሳዕና ጥገና ወሰደችው፣ አዲስ አበባም ሰው ልካ አሳየችው፣ ዲስኩ አልቋል አሏት። ተመልሳ እዚች ደረጃ ላይ ተቀምጣ «ፍላሽ ላይ መገልበጥ ነበረብኝ፣ የሰው ልጅ ኮምፒውተር እያስተማርኩ የራሴን እናት አጠፋኋት» አለች። አፌ ድረስ መጣ፣ እመነኝ ምላሴ ላይ ነበር። «ዕቃ ነው ልጄ፣ ዕቃም ይሞታል» አልኩና ተነስቼ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲያ አልዘመረችም። ኳየሩን ተወች፣ ሽማግሌዎች መጥተው ለመኗት፣ «ድምፄ አይወጣም» ብላ ሸኘቻቸው። ዱራሜ፣ አክስቷ ባለችበት፣ የማስተማር ሥራ ተገኝቶላት «አባን ለማን ጥዬ» እያለች ትቆያለች። እኔ ደግሞ ብነግራት ትሄዳለች ብዬ እፈራለሁ። ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም፣ ልጄን ላለማጣት ጥፋቴን እሷ ትከሻ ላይ ትቼ ተቀመጥኩ።

ሙዚቃው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኮሌጁ ያረጁ ኮምፒውተሮችን ሲያስወግድ ምህረት አስፈቅዳ ሁለት ባጃጅ ሙሉ ጭና መጣች። እኔ ልትጠግናቸው መስሎኝ ነበር፣ እሷ ግን ሆዳቸውን ትከፍት፣ ሞተር ሞተሩን ትለቅም ጀመር፣ ፍሎፒ የሚባለውን፣ ሃርድ ዲስክ የሚባለውን፣ ማራገቢያውን። ሳሎን ያለውን ረጅም ጠረጴዛዬን ወሰደች፣ በብየዳ ገመድ በገመድ አገናኘቻቸው፣ ሰው የታረደ በሬ አንጀት ሲዘረጋ አስበው። ከዚያ አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ማብሪያውን ተጫነችና ፍሎፒዎቹ አቃሰቱ፣ ሲያቃስቱ ግን መዝሙር ነው፣ የማውቀው የእሁድ መዝሙር፣ በብረት ጉሮሮ።

«ምንድነው ይሄ?» አልኳት።

«ሞተሩ ሲዞር የሚያወጣው ድምፅ ነው አባ፣ ፍጠን ስትለው ይቀጥናል፣ ዝግ በል ስትለው ይወፍራል፣ እኔ ቶሎና ዝግታውን ነው የማዘው።»

«ወፍጮ ቤቱም እኮ እንዲሁ ነው የሚለው፣ ማንም መዝሙር ብሎት አያውቅም።»

«ወፍጮ ቤቱን የሚያዝዘው ጠፍቶ ነው» አለችና ሳቀች፣ ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ስለነበር ክርክሩን ተውኩት።

ኤርሲዶም መጣና በሩ ላይ ቆሞ አዳመጠ። «ይሄ ለቅሶ ነው ወይስ ደስታ?» አላት።

«እርስዎ እንዳሉት ነው ጋሼ ኤርሲዶ።»

«እንግዲያው የላም ምጥ ነው» ብሎ ሄደ።

መሃል ላይ አንድ የተከፈተ ሃርድ ዲስክ ነበረ። ክዳኑ ተነስቷል፣ ውስጡ እንደ መስታወት የሚያበራ ክብ ነገር አለ፣ በላዩ ደግሞ እንደ ዶሮ አንገት ቀጭን ክንድ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ምህረት ያቺን ክንድ እንደ ከበሮ ታስመታታለች፣ ከአምፕ፣ ከድምፅ ማጉያው ማለት ነው፣ ገመድ ስትሰጣት ደግሞ ድምፅ ታወራለች፣ አንድ ምሽት የሬዲዮ ዜና ከዚያች ክብ ነገር ላይ ሲነበብ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ትንሽ ሩቅ እንደሆነ ሰው። እኔ ያ ዲስክ የእናቷ መስሎኝ ነበር። ድምጿን ያቃጠልኩባት ዲስክ፣ ዓይኔ ሥር ተከፍቶ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ። ለመጠየቅ ፊት አልነበረኝም፣ ሳልፍ በዚያ በኩል አላይም፣ አንዳንዴ በጓሮ በር ዞሬ እገባለሁ።

እንግዲህ ያ ቀን ቅዳሜ ነበር፣ ነሐሴ ውስጥ። ምህረት ለለቅሶ ጠዋት ዱራሜ አክስቷ ጋ ሄደች፣ እዚያ አድራ እሁድ ልትመጣ። መብራት ከንጋት ጀምሮ ጠፍቷል። ከምሳ በኋላ ጉም ወረደ፣ የኛን አገር የነሐሴ ጉም ታውቀዋለህ፣ በቀን ስምንት ሰዓት በር ላይ ቆመህ የራስህን አጥር አታይም፣ ዶሮዎቹም መሽቷል ብለው ገብተው ተሰቀሉ። እኔ ሳሎን አግዳሚው ላይ ተቀምጬ የዶማ እጀታ እጠርባለሁ። ብቻዬን ነኝ፣ ጤነኛ ነኝ፣ እንቅልፍም አልወሰደኝም፣ ይህን ያዝልኝ።

መጀመሪያ ቀጭ አለ። ጣራው ነው ያፈሰሰው ብዬ ሳፋ አምጥቼ ከሥሩ አስቀመጥኩ። ቆይቶ ቀጭ አለ፣ ሳፋው ውስጥ ጠብታ የለም። አይጥ ነው አልኩ፣ ቢላዋዬን ግድግዳው ላይ መታ መታ አደረግኩ፣ አይጥ እንደዚያ ስታደርግ ዝም ይላል። ይሄ ዝም አላለም። ቀጭ፣ ቀጭ፣ እያለ ቆየና ነገሩ ተቀየረ፣ ከመምታት ወደ መሳብ ሄደ፣ እንዴት ብዬ ልንገርህ፣ እርጥብ ነገር በሳንቃ ላይ በቀርከሃ ሲሳብ።

አምስት ረዘም ያለ። ሁለት አጠር ያለ። ዝም።

እጄ ላይ የነበረው እጀታ ወደቀ። ከጓሮ መስሎኝ በሩ ላይ ሄጄ ጆሮዬን ሰጠሁ፣ ጓሮው ጭጭ ብሏል። ድምፁ ከኋላዬ ነው፣ ከቤት ውስጥ፣ ከጠረጴዛው። ምህረት ስትሄድ አቧራ እንዳይገባው ነጠላ አልብሳው ነበር፣ ነጠላው ሥር ነው። ሄጄ ገለጥኩት። ያቺ ክንድ ትሄዳለች፣ በሚያበራው ክብ ነገር ላይ ወዲያ ረዘም፣ ወዲህ ረዘም፣ ዝግ ብላ፣ እንደሚደክመው ሰው። መብራት የለም አልኩህ። የለም ብቻ ሳይሆን ገመዱን ተከትዬ ሄድኩ፣ መሰኪያው ከግድግዳው ተነቅሎ መሬት ላይ ነው። አንስቼ በእጄ ያዝኩት፣ እነዚያ ሁለት የብረት ጥርሶቹ እጄ ውስጥ ናቸው፣ ክንዷ ትሄዳለች።

አምስት፣ ሁለት፣ ዝም።

ክንዷ ምን እንደምትጠብቅ አውቃለሁ። አንተም አሁን ታውቃለህ። ግን ግትር ሰው ነኝ፣ እኔ ከብረት ጋር አላወራም ብዬ ቆምኩ። ያቺ ዝምታ ረዘመች፣ በፊትም መልስ ሳዘገይ ትንሽ ነበር የምትጠብቀኝ፣ ከዚያ ትጀምራለች፣ ይሄም ጀመረ። አምስት፣ ሁለት፣ ዝም። ሁለተኛም አልመለስኩም። ጌታን ጠራሁ፣ መዝሙር ልጀምር ብዬ ግማሹ ጠፋብኝ። ሦስተኛው ዝምታ ላይ ግን ሌላ ነገር መጣ፣ የጭስ ሽታ፣ የእሳት ሳይሆን ቆጥ ላይ የከረመ ዕቃ ስታወርድ የሚሸትህ ያ አሮጌ ጭስ። ምርኩዜን አንስቼ ወለሉን ሁለት ጊዜ መታሁ።

ክንዷ አልቀጠለችም።

ከኩሽና ሁለት ጊዜ ተመታ።

እዚህ ላይ ሰው ሮጦ ወጣሁ ይላል። እኔ አልሮጥኩም፣ እግሬም አይሮጥም፣ ቀስ ብዬ ወደ ኩሽናው ሄድኩ፣ ምክንያቱም ሌባ ከሆነ ሌባ ነው፣ ምነው ሌባ በሆነ እያልኩ። በሩ ከውጭ ጠዋት እንደቀረቀርኩት ነው። ከፈትኩት። ምድጃው ቀዝቅዟል፣ ማንም የለም። በስልኬ መብራት ወደ ላይ አበራሁ፣ በርጩማ ላይ ወጥቼ ቆጡን አየሁት።

ያ ቆጥ ሦስት ዓመት ጭሷል፣ በየቀኑ እሳት ይነዳል፣ እንጨቱ ሁሉ ጥላሸት ብቻ ነው፣ ጣትህን ብታስነካው ይጠቁራል። ሲፒዩውን ያስቀመጥኩበት ቦታ ግን ንጹህ ነው። ባለ አራት ማዕዘን፣ ልክ የሳጥኑን ያህል፣ እንጨቱ ነጭ ሆኖ፣ አሁን ከላዩ ዕቃ እንደተነሳ። ከሦስት ዓመት በፊት ሳይሆን አሁን። እዚያ በርጩማ ላይ ቆሜ ምን እንዳልኩ አልደብቅህም። «የምህረት እናት፣ እኔ ነኝ፣ አውቄ አይደለም» አልኩ። ማንም አልመለሰልኝም። ስመለስ ክንዷ ጥጓ ላይ ተኝታለች። እስኪነጋ በሩን ከፍቼ ኩርምት ብዬ ተቀመጥኩ፣ ሌላ ድምፅ አልሰማሁም።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ምህረት እኩለ ቀን ላይ ደረሰች፣ ጃንጥላዋን ሳታጥፍ ፊቴን አይታ «ምን ሆነሃል አባ? ታመሃል?» አለችኝ።

«ተቀመጪ» አልኳት።

«አስፈራኸኝ እኮ፣ ምሳ በልተሃል?»

«ተቀመጪ አልኩሽ። የእናትሽን ዲስክ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ቆጥ ላይ ሰቅዬው ነው። እርጥበት እንዳይነካው አልሽኝ፣ እኔም ሰቀልኩት፣ ከዚያ ወልውዬ ዋሸሁሽ።»

አልተቀመጠችም። ጃንጥላውን ቀስ ብላ አጥፋ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው፣ ውሃው እየተንጠባጠበ ወለሉ ላይ መስመር ሲሠራ አየሁት።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ዲስኩ አልቋል የተባልኩ ሳምንት ሳጥኑን እቤት ከፍቼው ነበር። ገና ክዳኑን ሳነሳ ሸተተኝ። አባ፣ እኔ እኮ እዚህ ቤት ነው ያደግኩት፣ የቆጥ ጭስ ይጠፋኛል?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? ለምን እኔ ነኝ ያጠፋኋት አልሽ?»

«እሱን ያልኩት ሳልከፍተው ነው። ከከፈትኩት በኋላ ደግሞ ትነግረኛለህ ብዬ ጠበቅኩህ። ዛሬ ይነግረኛል፣ ለገና ይነግረኛል፣ ለፋሲካ ይነግረኛል እያልኩ። ማቃጠልህ አይደለም የከበደኝ፣ ያንን ማንም ሽማግሌ ያደርገዋል። ሦስት ዓመት ፊቴን እያየህ ቆጮ ስትበላ ነው የከበደኝ።»

ወደ ጠረጴዛው እያሳየሁ፣ «እሷ ናት ያስነገረችኝ፣ ትናንት ያ ዲስኳ እንሰት ፋቀ» አልኳት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ስነግራት ስቃ ትተወዋለች ብዬ ነበር፣ አልሳቀችም፣ ሄዳ ገመዱን አየችው፣ መሰኪያውን አየችው።

«ባትሪ አለው?» አልኳት።

«የለውም።» ከዚያ ዞራ አየችኝ። «ደግሞ አባ፣ ይሄ የሷ አይደለም።»

«የማን ነው?»

«የኮሌጁ አሮጌ ዕቃ ነው፣ ከጫንኩት ውስጥ የወጣ፣ ማን ይጠቀምበት እንደነበር እንኳ አላውቅም። የሷን ሙዚቃ አደርገዋለሁ ብለህ ነው? የሷ ሻንጣዬ ውስጥ ነው፣ በሻርፗ ጠቅልዬ።» አምጥታ አሳየችኝ። ክዳኑ እንደተገጠመ ነው፣ ማንም አልነካውም፣ ሻርፑ ግን ያ ትናንት የሸተተኝን ይሸታል፣ እሱ ይገርማል አልልህም፣ ያው ከጭሱ ነው።

ከዚያ ኩሽና ገብተን ቆጡን አየችው። ብዙ ቆማ አየችውና «ይሄን አንተ ነህ የጠረግከው?» አለችኝ።

«እጄ አልነካውም።»

ጣቷን ነጩ ላይ አሳረፈች፣ ጣቷ ንጹህ ወጣ፣ ቀጥሎ ያለውን ነካች፣ ጣቷ ጠቆረ። እጇን ታጠበችና ወደ ቤት ገባች።

መስከረም ላይ ዱራሜ ሄደች። አልተጣላንም፣ ብቻ ሄደች፣ ልብሷን በመኪና ስጭንላት «ይቅር ብዬሃለሁ አባ፣ ግን እዚህ ቤት መተንፈስ አልቻልኩም» አለችኝ፣ ግልጽ ሰው ናት፣ በኔ ወጥታለች። የእናቷን ዲስክ ወሰደች፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ግን «እዚያ ሌላ እሠራለሁ» ብላ እንዳለ ተወችልኝ። እሁድ እሁድ ትደውላለች። አክስቷ በስልክ እንደነገረችኝ፣ እዚያ ኳየር ገብታለች፣ በከምባትኛ ትዘምራለች፣ ሰው ሁሉ እናቷን መሰለች ይላል። እኔ አልሰማኋትም።

ቆጡን ደግሞ፣ ልንገርህ፣ ከጥቅምት ጀምሮ እርጥብ እንጨት እያነደድኩ ሆን ብዬ አጨስኩት። ዓይኔ ነው የጠፋው። ነጩ ነጭ ነው።

እዚህ ላይ ቢያልቅ አልጽፈውም ነበር፣ ሽማግሌ ብቻውን ሲኖር ጆሮው ይሰማል ብዬ እተወው ነበር። ያለፈው ቅዳሜ ግን መጥረቢያዬን ከቀጥቃጩ ላመጣ ጠዋት በማለዳ ወደ ከተማ ሄድኩ። መጥረቢያው ሐሙስ ለመሳል የገባ ነው፣ ወረፋ አለ ብሎኝ እስከ ምሳ ድረስ እዚያው ወናፉ አጠገብ ተቀምጬ ዋልኩ፣ ከዚያ በጆንያ ጠቅልዬ ይዤ መጣሁ። ጉም ነበረ። ኤርሲዶ አጥሩ ጋ ቆሞ አገኘኝ፣ እየሳቀ።

«አንተ ደባቂ» አለኝ፣ «እንሰት የምትፍቅልህ ሴት አምጥተህ ለጎረቤት እንኳ አትነግርም?»

«የምን ሴት?»

«ተወና ሀንዲሶ፣ ጠዋቱን ሙሉ ስትፍቅ ሰማኋት፣ ጆሮ የለኝም? ደግሞ አፋፋቋ የነፍስ ኄሯን ይመስላል፣ ከዚያው ከከምባታ ነው መሰለኝ ያመጣሃት።»

መጠየቅ አልፈለግኩም፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ግን ጠየቅኩት። «ስታቆምስ? ስታቆም ምን ሰማህ?»

ኤርሲዶ እንደ ሞኝ አየኝ።

«ምን እሰማለሁ፣ አንተን ነዋ። እንጨት ስትፈልጥ አልነበር? ጠብ ጠብ፣ ሁለት ሁለት ጊዜ፣ ልክ እንደ ድሮው። እኔማ ሽማግሌው ተጽናና ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።»

ጆንያው ትከሻዬ ላይ ነው። አላሳየሁትም። ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ነጠላ እንዳለበሰችው ነው፣ አልገለጥኩትም። መጥረቢያውን ከነጆንያው በሩ ጀርባ አቆምኩት፣ እዚያው ነው፣ ለማገዶ የኤርሲዶን ተውሼ እፈልጣለሁ።